ከሸራው ፊት ወደ ጭቃው ዙሪያ

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በዘይት ቀለም ስሠራ ኖሬአለሁ። የምታወቀው በሰው ፊት ሥዕሎቼ ነው፤ ሥራዬም ይሸጣል። ባለፉት ወራት ማታ ማታ አጭር የቅርጻ ቅርጽ ኮርስ ተከታተልኩ። አሁን ለሁለት ዓመት መደበኛ ትምህርት ተቀብለውኛል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በኮርሱ መጨረሻ የሠራሁትን የሰው ጭንቅላት መምህሩ አዙሮ ለክፍሉ አሳየና ‹ይህ ፊት እንጂ ጭንቅላት አይደለም› አለ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ መግቢያ አጣሁ። ጭንቅላቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ላፈርሰው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ ‹ስም ያገኘሽበትን ሙያ ትተሽ ሀ ብለሽ ልትጀምሪ ነው?› ይላል። ሥዕሎቼን የሚያሳይልኝ የጋለሪ ባለቤት ደግሞ የመጀመሪያ ቅርጾቼን የማሳይበት ቀን እንቁረጥ እያለ ይወተውተኛል። ልማር ወይስ በራሴ ስቱዲዮ ቀስ እያልኩ ልሞክር? ሥዕሉንስ ላቁም?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ትምህርቱን ይጀምሩ። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪው ጽሑፍ «ልግባ ወይስ ልተው» በሚለው ክርክር እንዳያልቅ ነው። ደብዳቤዎ ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ ይዟል፤ እርሱም መምህሩ የተናገረው ያ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው።

ቃሉ እንዳመመዎት ይገባኛል። ዕድሜዋን የሰው ፊት ስታጠና ለኖረች ሠዓሊ በወጣቶች ፊት እንዲህ መባል ከባድ ነው። መምህሩ ለብቻዎ ጠርቶ ሊነግርዎት ይችል ነበር፤ አነጋገሩን አልደግፍም። የተናገረው ነገር ግን እውነት ይመስለኛል። ሥራዎን ሳላይ ይህን ለማለት የደፈርኩት፣ ከሥዕል ወደ ቅርጻ ቅርጽ የሚመጣ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ስለሆነ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ችሎታው ራሱ ነው።

ሠዓሊ አንድ ቦታ ይዞ ያያል። ከዚያ ቦታ የሚታየውን ብርሃንና ጥላ ይመርጣል፣ ያመዛዝናል፣ በጠፍጣፋ ሸራ ላይ ያሰፍራል። ሃያ ዓመት እንዲህ የኖረ ዐይን ጭቃ ፊት ሲቆምም ሳያስበው አንድ ቦታ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት። ከዚያ ቅንድቡን፣ የዐይን ቆቡን፣ የከንፈሩን ጥግ በሚያስቀና ፍጥነት ያወጣቸዋል። ወጣቱ ጀማሪ ብዙ ሳምንት ለፍቶ የማያገኘውን መመሳሰል እርስዎ በጥቂት ምሽት አግኝተውታል ብዬ እገምታለሁ። መከራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያማረውን ፊት ላለማበላሸት ሲባል የቀረው አካል ለእርሱ ይገዛል። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ይሳባሉ፣ ማጅራቱ ይሞታል፣ የራስ ቅሉ ጥልቀት ያጣል። ከጎን ሆነው አንድን ሰው ይለኩ፦ ከግንባር እስከ ኋላ ያለው ርቀት ከአገጭ እስከ አናት ካለው ቁመት ብዙም አያንስም፤ ጆሮም ከጭንቅላቱ አጋማሽ ወደ ኋላ ነው ያለው። ይህን በሥዕል ያውቁታል። ጭቃው ላይ ግን ፊቱ ቀድሞ ስላለቀ ለእውቀቱ ቦታ አልተረፈውም።

ሌላም የሠዓሊ ልማድ አለ፤ መምህሩ ያላነሳው ቢሆንም እርስዎ ዘንድ መኖሩን እጠረጥራለሁ። ሸራ ላይ ጥላ ሲፈልጉ ጥቁሩን ቀለም ያስቀምጣሉ፤ መብራቱ ቢጠፋም ጥላው እዚያው ነው። ጭቃ ላይ ጥላ የሚባል ነገር ማስቀመጥ አይቻልም። ማስቀመጥ የሚቻለው ጉድጓድ ወይም ጉብታ ብቻ ነው፤ ጥላውን የሚያመጣው መብራቱ ነው፤ መብራቱ ቦታ ሲቀይር ጥላውም ይሄዳል። ሠዓሊው ይህን እየረሳ ጨለማ የሚፈልግበትን ቦታ ሁሉ በመሣሪያ ጫፍ ይሰነጥቀዋል። አፍንጫው ሥር ስንጥቅ፣ ከንፈሮቹ መካከል ስንጥቅ፣ ዐይኑ ዙሪያ ስንጥቅ። ከአንድ መብራት ሥር ሲታይ ሕይወት ያለው ይመስላል፤ ወደ መስኮት ሲወሰድ መስመር የተሰመረበት ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ መብራት ብቻ አይሥሩ። መብራቱን በየጊዜው ያንሱ፣ ከጎን ያድርጉት፣ ከታች ያብሩት። ከየትም ቢበራ የማይፈርስ ፊት ሲያገኙ ቅርጹን አገኙት ማለት ነው።

አሁን ወደ ተጠቀለለው ጭንቅላት ልምጣ። አያፍርሱት፤ እንዳለም አያስቀምጡት። መጀመሪያ በማዞሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከስምንት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ያንሱት፤ ከኋላው ብርሃን አድርገው የዳር መስመሩ ብቻ ጥቁር ሆኖ እንዲታይ። ስምንቱን ጎን ለጎን ሲደረድሯቸው መምህሩ ያየውን ያለ ማንም አስረጅ ያዩታል። ከዚያ ሽቦ ይያዙና ፊቱን ከጆሮ እስከ ጆሮ ቆርጠው ያንሱት። ይህ እንደሚከብድዎት አውቃለሁ፤ ግን ያድርጉት። የቀረውን የራስ ቅል፣ ማጅራቱን፣ አንገቱ ከትከሻ የሚነሣበትን ዘንበል ያለ አቅጣጫ በትልልቅ ጭቃና በእንጨት መምቻ ብቻ ይገንቡ። በካሊፐር (ሁለት ክንድ ባለው የስፋትና የውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ስምንቱ የዳር መስመሮች ከሞዴሉ ጋር እስኪስማሙ ዐይንም ከንፈርም የሚባል ነገር እንዳይነኩ። ደግሞ ከላይም ይመልከቱት፤ ወንበር ላይ ወጥተው አናቱን ይዩ። የጭንቅላት እውነተኛ ቅርጽ ከላይ ሲታይ እንቁላል እንጂ ክብ አይደለም፤ ይህን ከፊት ለፊት ሆኖ ያየው ማንም የለም።

ፈረንሳዊው ቀራጺ ኦጉስት ሮዳን የሠራው በዚህ መንገድ ነበር። ሞዴሉን እያዞረ የዳር መስመሩን ከየአቅጣጫው ከጭቃው ጋር ያነጻጽራል፤ ከላይ ለማየት መሰላል ላይ ይወጣ ነበር። ውጤቱ እጅግ የታመነ ከመሆኑ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1877 «የነሐስ ዘመን» የተባለውን የወንድ ቅርጽ ሲያሳይ ከሕያው ሰው ገላ ላይ በጀሶ ገልብጦ ወሰደው ተብሎ ተከሰሰ። የሠራበትን መንገድ ለማስረዳት የሞዴሉን ፎቶግራፎች ማቅረብ ግድ ሆነበት። ይህ ሰው በወጣትነቱ የፓሪስን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቆ ነበር። እርስዎ ቢያንስ ተቀብለውዎታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሠዓሊነት እውቀትዎ ይባክናል ማለት አይደለም፤ ተራውን ይጠብቃል። የራስ ቅሉ ከቆመ በኋላ ዐይን የሚሠራበት ሰዓት ይመጣል፤ ያን ጊዜ አጠገብዎ ያሉት ወጣቶች የሌላቸውን ነገር ይዘው ይቀርባሉ። የዐይን ብሌን እኮ በቅርጽ ደረጃ ለስላሳ ኳስ ነው፤ ጥቁሩ ክፍል የሚለየው በቀለሙ እንጂ በጉድጓድ አይደለም። ቀራጺ ግን ቀለም በሌለው ድንጋይ ላይ ያንን ጥቁር ማሳየት አለበት። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ቀራጺ ዣን አንቷን ኡዶን ጥቁሩን ክፍል በጥልቀት ይቆፍርና በውስጡ ትንሽ የእብነ በረድ ፍንጣሪ ሳይቆርጥ ይተው ነበር። ያቺ ፍንጣሪ ብርሃን ስትይዝ ዐይኑ የሚያይ ይመስላል። ከእርሱ 100 ዓመት ገደማ በፊት ጣሊያናዊው ቀራጺ ጃን ሎሬንዞ በርኒኒ ዐይን ሥር ያለን የቆዳ ጥቁረት ለማሳየት እብነ በረዱን ከእውነተኛው ሰው ይልቅ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር እንደሚያስፈልግ ያስረዳ ነበር። ይህ የሠዓሊ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ የጥላ ስንጥቅ አያድርጉ ስልዎት ለዘላለም አላልኩም። ቅርጹ ሳይቆም ሲደረግ ማታለል ነው፤ ቅርጹ ከቆመ በኋላ አውቀው ሲያደርጉት ጥበብ ነው።

«በራሴ ስቱዲዮ ልሞክር?» ብለዋል። እስካሁን የነገርኩዎትን የዐይን ሥልጠና ብቻዎን ማድረግ ይችላሉ። ብቻዎን የማይሆንልዎት የቅርጹ ውስጥ ነው።

ለዚህ ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ከኤድጋር ደጋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1881 በሰም የሠራትን የ14 ዓመት ዳንሰኛ ከእውነተኛ የጨርቅ ቀሚስ ጋር አሳየ፤ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያሳያት ብቸኛ ቅርጽ እርሷ ነች። ከዚያ በኋላም ለዓመታት በስቱዲዮው ውስጥ ሴት ዳንሰኞችንና ፈረሶችን መሥራቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሞት 150 ያህል ቅርጾች ተገኙ፤ ብዙዎቹ ተሰባብረዋል። ሰውየው ስለ እንቅስቃሴ የሚያውቀው ማንም ቀራጺ የሚመኘው ነበር፤ የውስጥ አጽም (ቅርጹን ከውስጥ የሚሸከመው ሽቦና እንጨት) አሠራር ግን በወጉ አልተማረም። ሽቦው ቀጭን ነው፣ የቅርጹን ውስጥ በጠርሙስ ቡሽ ይሞላዋል፣ የሥዕል ብሩሽ እጀታ እየሰበረ ሳይቀር ይጨምርበታል። እጅና እግር ይረግፍበት ነበር። ዛሬ በየሙዚየሙ የምናያቸው የደጋ ነሐሶች ከሞተ በኋላ ከተረፉት ላይ የተወሰዱ ናቸው። የጠፋውን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የእውነተኛ ሰው ልክ የሆነ ጭንቅላት በጭቃ 10 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ያ ሁሉ የሚንጠለጠለው ዐይን በማያየው ሽቦና እንጨት ላይ ነው። ሽቦው አንገቱን በትክክለኛው ዘንበል ካልያዘ ጭቃውን ማረም አይቻልም፤ ጭቃው ሽቦውን ተከትሎ ይሄዳል። ከውስጥ በሽቦ የሚንጠለጠሉ ትናንሽ የእንጨት መስቀሎች ከሌሉ ከባዱ ጭቃ ሌሊቱን ተንሸራትቶ ጠዋት አገጩ ደረት ላይ ወርዶ ያገኙታል። በሌላ በኩል ሽቦ ያለበትን ጭቃ በምድጃ መተኮስ አይሆንም፤ ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፣ ሽቦው አይኮማተርም፣ ይሰነጠቃል። መተኮስ ከፈለጉ ከመጀመሪያው ሌላ መንገድ ነው፦ ጭቃው ጠንከር ሲል ተቆርጦ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እኩል ውፍረት እንዲኖረው ይደረጋል፣ ተመልሶ ይጣበቃል፣ በጣም ቀስ ብሎ ይደርቃል። እርጥበት የቀረበት ወፍራም ጭቃ እሳት ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል፤ አጠገቡ ያሉትን የሌሎች ተማሪዎች ሥራም ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ በጀሶ ማውጣት፣ ማለትም የጭቃውን ቅርጽ ወደ ጀሶ መገልበጥ አለ። በአሮጌው መንገድ የሚሠራው ማፍሰሻ (ጀሶው የሚፈስበት ባዶ ቅርፊት) አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። በጭቃው ላይ መጀመሪያ የሚቀባው ስስ የጀሶ ሽፋን ቀለም ይጨመርበታል፤ ወፍራሙ ነጭ ሽፋን በላዩ ይመጣል። ጭቃው ወጥቶ ውስጡ በአዲስ ጀሶ ከተሞላ በኋላ ውጪው በመሮ እየተፈለጠ ሲነሣ፣ ያ ባለ ቀለም ሽፋን ብቅ ሲል እጅዎን ያቀዘቅዛሉ፤ ሥራዎ ከሥሩ ነው። አንድ መሮ በዝቶ አፍንጫ የሄደበት ቀራጺ ስንት ነው! ይህን ጎንዎ የቆመ ሰው ሲያሳይዎት በአንድ ከሰዓት ይማሩታል። ብቻዎን ግን ወራት የለፉበት ሥራ ዋጋ ይከፍልበታል። ለትምህርቱ የምከራከረው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሥዕሉን አያቁሙ። ማቆም አያስፈልግም ብቻ ሳይሆን ጎጂ ይመስለኛል፤ ሥዕሉ ገቢዎ ነው፣ እጅዎ የሚያርፍበትም እርሱ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦንሪ ማቲስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ሥዕል በወጉ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ፣ የማታ የቅርጻ ቅርጽ ክፍል ገብቶ እንደ ጀማሪ ተቀመጠ። ሥዕልን ግን አልተወም። ሥራው ሥዕል ላይ ሲቆላለፍበት ወደ ጭቃ ይሄድ ነበር። አንድ የሴት ጀርባ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1930 ገደማ ባሉት ዓመታት አራት ጊዜ መልሶ ሠርቷል፤ በየጊዜው እያቀለለ፣ በመጨረሻ ጀርባዋ እንደ ግንድ የቆመ ቅርጽ እስኪሆን ድረስ። ያ ሥራ ሪሊፍ ነው፤ ከጠፍጣፋ ገጽ ላይ ብቅ ያለ ቅርጽ። ትምህርት ቤቱ ምርጫ ሲሰጥዎት ሪሊፍን ቀድመው ይውሰዱ ማለት ግን እፈራለሁ። ለሠዓሊ እጅግ ይመቻል፤ አንድ የመመልከቻ ቦታ ይመልስልዎታል። የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ በዙሪያው የሚኬድበት ሥራ ይሁንልዎት፤ ሪሊፉ በሁለተኛው ዓመት ይምጣ። ያን ጊዜ ምን እንደሚቀንሱ አውቀው ይቀንሳሉ።

ስለ ዕድሜ ብዙ አልልም። አሪስቲድ ማዮል ሠዓሊና የግድግዳ ምንጣፍ ሠሪ ነበር፤ ዐይኑ ሲታመም ወደ አርባ ዓመቱ ገደማ ሙሉ በሙሉ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ዞረ፤ ዛሬ የሚታወሰው በዚያ ነው። እርስዎ በ52 ዓመትዎ ከእርሱ የሚለይዎት አሥራ ሁለት ያህል ዓመታት ናቸው፤ ዐይንዎም ደህና ነው። አካልዎን ግን ይጠብቁ። ጭቃውን ሁልጊዜ በዐይንዎ ከፍታ ያድርጉት፤ ጎንበስ ብሎ መሥራት ወገብን ይጎዳል። ከባድ ነገር ለማንሳት ወጣቶቹን ይጥሩ፤ ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ይልቁንም ቶሎ የሚያቀራርባችሁ እርሱ ነው። የደረቀ ጭቃና የድንጋይ አቧራ ውስጥ ሳንባ ለዘለቄታው የሚጎዳ ሲሊካ አለ፤ ወለሉን በደረቁ አይጥረጉ፣ በእርጥብ ይወልውሉ፣ ድንጋይ ሲፈልጡና ሲሞርዱ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ይልበሱ። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ እጅዎን ወፍራም ጀሶ ውስጥ ከትተው እንዲቆዩ የሚጠይቅዎት ሰው ካለ እምቢ ይበሉ፤ እንዲህ ክፉኛ የተቃጠሉ አሉ።

ባለቤትዎ «ሀ ብለሽ ልትጀምሪ ነው?» ማለታቸው ከፍቅርም ከሥጋትም ሊሆን ይችላል። ሥጋቱ ምን እንደሆነ በግልጽ ይጠይቋቸው። ገንዘብ ከሆነ ሁለት ዓመት ስንት ሥዕል እንደሚሸጥ፣ ስንቱ ሰዓት ለትምህርት እንደሚሄድ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ስምዎ ይጎዳል ብለው ከሆነ፣ ስምን የሚጎዳው መማር ሳይሆን ያልበሰለ ሥራ ለገበያ ማውጣት ነው።

ይህም ወደ ጋለሪው ያመጣኛል፤ በዚህ ላይ አልለሳለስም። ቀን አይቁረጡ። የጋለሪው ባለቤት የሚሸጠው ስምዎን ነው፤ ገዢውም የሚገዛው ስምዎን ይሆናል። ኤግዚቢሽን ሲቃረብ ደግሞ ተማሪ መሆንዎን ያቆማሉ። መሳሳት ወደሚያስፈልግዎት ቦታ መሄድ ትተው የሚያምርልዎትን ፊት መልሰው መሥራት ይጀምራሉ፤ ለዚያ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። «ከሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በኋላ እንነጋገር» ይበሏቸው። ወዳጅዎ ከሆኑ ይጠብቃሉ።

መምህሩንም ያነጋግሩ፤ ከክፍል ውጪ፣ ለብቻው። ስምንቱን ፎቶግራፎችና ፊቱ የተቆረጠውን ጭንቅላት ይዘው ይሂዱ፤ «እንዲህ አየሁት፤ ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ይበሉ። ስሕተትዎን በክፍሉ ፊት መንገሩ እንዳሳዘነዎትም ሳይደብቁ ይንገሩት። ጥሩ መምህር ከሆነ ሁለቱንም ይሰማል። የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ከሆነም እውቀቱን ይውሰዱለት።

ከመፈረምዎ በፊት ግን ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ። ጭቃ፣ ጀሶና የምድጃ ወጪ ማን ይችላል? ነሐስ ማፍሰስ በክፍያው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው? (ነሐስ ከሁሉም ውድ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ሥራ ነሐስ ማድረግ አያስፈልግም።) ስቱዲዮው ከትምህርት ሰዓት ውጪ ክፍት ነው? ጭቃ የሰዓት ሰሌዳ አያውቅም፤ ካልታየና ካልረጠበ ይደርቃል። የውስጥ አጽም ሥራና የጀሶ አወጣጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል ወይስ በቃል ይታለፋል? ከተቻለም የተመራቂዎቻቸውን ሥራ ባሉበት ሄደው ይዩ፤ ሲያዩም ከእያንዳንዱ ሥራ ኋላ ዞረው ይቁሙ። ጀርባቸው የተሠራ ከሆነ ይፈርሙ።